ከዚህ ጠረጴዛ አያልፍም

ካምፓላ፣ የካቲት 14 ቀን 2013 ዓ.ም.

የተከበሩ እትዬ ፋንታዬ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ጆሮዎስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ኮሮናውም እስካሁን የእኔን በር አልፎ የጎረቤቴን ነው የሚያንኳኳው። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በገና ሰሞን ነበር። መልሱን ያዘገየሁት በስንፍና ብቻ አይደለም፣ የሚያደርስ ሰው አጥቼ ነው። አሁን ግን አየር መንገድ የምትሠራው አለምዘውድ አዲስ አበባ በሄደች ቁጥር ወደ አዳማ ልትልክልኝ ቃል ገብታለች። እንግዲህ ማመካኛ የለኝም።

«መጽሐፍ የሌለው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ምን ይሠራል?» ብለው ለጠየቁኝ እውነትዎን ነው፣ እዚህ የምሠራበት የምርምር ሆስፒታል መደርደሪያው ግማሽ በግማሽ ባዶ ነው። ሐኪሞቹ የሚያነቡትን በኮምፒውተር ያነባሉ። አሁን የሚፈልጉን ለሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ሐኪም ለጥናት ከበሽተኞች የሰበሰበውን ዳታ የሚያደራጅለት፣ ሌላ ተመራማሪ ቢያየው እንዲገባው አድርጎ የሚያዘጋጅለት፣ የበሽተኛውንም ምስጢር ሳያወጣ ለዓለም የሚያካፍልለት ሰው ያስፈልገዋል። እኛን የጤና ሳይንስ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችን ለዚህ ሥራ የሚያሠለጥንና የሙያ ምስክር ወረቀት የሚሰጥ ኮርስ አለ። በኢንተርኔት ጀምሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ በእውነተኛ ጥናት ላይ የሠራሁትን ሥራ አቀርባለሁ። አለቃችን ቁርጡን ነግሮኛል። ምስክር ወረቀቱን ካገኘሁ አዲሱን የዳታ ክፍል እመራለሁ፤ ካላገኘሁ ቤተ መጻሕፍቱ የስብሰባ አዳራሽ ይሆናል፣ እኔም እሰናበታለሁ።

በዚህ ሳምንት የተማርነው ስለ ምስጢር ጥበቃ ነው። እንዴት ጥልቅ ትምህርት መሰለዎት!

ስለ ልጅዎ ስለ እስክንድር ብዙ አይስጉ። ከኅዳር ወዲህ አልጻፈልኝም ያሉኝን ይዣለሁ፤ የሚሠራበት ወደብ ፖርት ቤል ሄጄ እጠይቃለሁ። የጀልባ ሞተር የሚጠግን ሰው እጁ ዘይት ስለሆነ እስክርቢቶ አይቀርብም ብለው ይለፉት።

እጅ እነሳለሁ፣
ሰርካለም

አዳማ፣ መጋቢት 9 ቀን 2013 ዓ.ም.

ልጄ ሰርካለም፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል፣ ለአንቺም የእኔ ይድረስሽ። ጉልበቴ እንደ አየሩ ነው። ጆሮዬን ግን ተይው፤ ስልክ ሲያስይዙኝ የምሰማው የንብ ቀፎ ነው። ለዚህ ነው በወረቀት የማስቸግርሽ።

ስለ ምስጢር ጥበቃ ገና አሁን ተማርኩ ያልሽውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። አንቺ ከሐዲ! የነርሶች ማሠልጠኛው ቤተ መጻሕፍት አብረን ስንሠራ ዲኑ መጥቶ «ያንን የሥጋ ደዌ መጽሐፍ ደጋግሞ የሚዋሰው ተማሪ ማን ነው?» ብሎ ሲያፋጥጠኝ ከኋላዬ ቆመሽ አልነበረም? ምን አልኩት? «ማን ምን እንዳነበበ ከዚህ ጠረጴዛ አያልፍም» አልኩት። ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሳኝ። ይኸው፣ ያለ ኢንተርኔት ያስተማርኩሽ ነው። ምስክር ወረቀቱን ግን ውሰጂ፤ ዘንድሮ ማኅተም የሌለውን እውቀት የሚያምን የለም።

የእስክንድርን ነገር በዘይት አታሳቢልኝ። እሱ የማይጽፍ ልጅ አይደለም። የበላውን ማቶኬ፣ የጠገነውን ሞተር፣ የዘነበውን ዝናብ ሳይቀር ይጽፍልኝ ነበር። አባቱን በሳንባ በሽታ ከቀበርን ወዲህ እሱና እኔ ብቻ ነን የቀረነው። ልቤ ፈርቷል፣ ምን ልደብቅሽ። ሄደሽ በዓይንሽ እይልኝ።

ፋንታዬ

ካምፓላ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2013 ዓ.ም.

የተከበሩ እትዬ ፋንታዬ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ከሐዲ ያሉኝ ተገቢ ስድብ ነው፤ ጎንበስ ብዬ ተቀብያለሁ።

በፋሲካ ማግስት በቦዳ ፖርት ቤል ወረድኩ። ቦዳው ነጂ የሞተር ብስክሌቱ ልጓም የጠፋበት ይመስል ነበር፣ ቢሆንም በሰላም አደረሰኝ። ዓሣ የሚያወርዱትን፣ ዕቃ የሚጭኑትን፣ ሞተር ጠጋኞቹን ሁሉ ጠየቅሁ። እስክንድርን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ይወደዋል። መፍቻዎቹን ለባልንጀራው አደራ ሰጥቶ «እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ አሉኝ። የት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ባልንጀራው መፍቻዎቹን አሳየኝ፤ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጧቸዋል። የማይመለስ ሰው ዕቃውን አደራ አይሰጥም ብዬ ተጽናንቻለሁ፤ እርስዎም ይጽናኑ።

እስካሁን አላገኘሁትም። ያገኘሁት ዕለት እጽፍልዎታለሁ።

የእኔ ጉዳይ ደህና ነው። ለመጨረሻው ሥራዬ የዶክተር ናካቶን ጥናት ሊሰጡኝ ነው። ጎበዝ ሐኪም ናት፤ ትቸኩላለች እንጂ።

ሰርካለም

አዳማ፣ ግንቦት 17 ቀን 2013 ዓ.ም.

ልጄ ሰርካለም፣

መፍቻዎቹን ስላየሽልኝ ተባረኪ። እኔ ግን መፍቻ አልወለድኩም።

አንድ ነገር ታየኝ። የምትሠሪው ሆስፒታል ነው። በጀልባ ላይ የሚውል ሰው ይወድቃል፣ ይሰበራል፣ ይታመማል። ኮምፒውተርሽን ክፈቺና የልጄን ስም ፈልጊ። ካለ አለ በይኝ፣ ከሌለ የለም በይኝ። ሌላ ነገር አልጠይቅሽም።

ፋንታዬ

ካምፓላ፣ ሰኔ 20 ቀን 2013 ዓ.ም.

የተከበሩ እትዬ ፋንታዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? እዚህ ከተማው እንደገና ተዘግቷል። እኔ የሆስፒታል ሠራተኛ ስለሆንኩ የይለፍ ወረቀት ይዤ ከሰፈሬ ከኪዋቱሌ በእግሬ እመላለሳለሁ።

ደብዳቤዎን ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። መልሱን ጽፌ የቀደድኩትም ብዙ ነው። መልሴ ይህ ነው፦ በሥራዬ ምክንያት ስለማየው ነገር፣ ስለማንም ሰው ቢሆን፣ አለም የለምም አልልም። ይህ ለእስክንድር ብቻ ያወጣሁት ሕግ አይደለም። ለአንዱ «የለም» ካልኩ፣ ለሌላው ዝም ባልኩ ጊዜ «አለ» ማለቴ ነው። ይህን ለእርስዎ ስጽፍ አፍራለሁ፣ አዝናለሁም። ይቅር ይበሉኝ።

ሥራው እንዳሰብኩት አልሄደም። ዶክተር ናካቶ ዳታዋን አሁኑኑ ለዓለም ክፍት ማድረግ ትፈልጋለች። እኔ ገና ነው ብዬ አልፈርምም አልኩ። እሷ ካልፈረመችልኝ ደግሞ የመጨረሻ ሥራዬን ማቅረብ አልችልም። ቀነ ገደቡ እየደረሰ ነው። ይጸልዩልኝ።

ሰርካለም

አዳማ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2013 ዓ.ም.

ሰርካለም፣

በሚያዝያ «አላገኘሁትም» አልሽ። በሰኔ «አለም የለምም አልልም» አልሽ። በሁለቱ መካከል ምን አየሽ?

ደብዳቤሽን ለእድራችን ሰብሳቢ ለአቶ መርዕድ አሳየሁት። አነበበው፣ ደግሞ አነበበውና መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ። «እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ወጣ። በነጋታው ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ ቡና ጠጡ ሳልላቸው መጡ። አንዷ ግቢዬን ትጠርጋለች፣ አንዷ ስኳር ይዛ መጥታለች፣ ሁሉም ስለ ዝናቡ ብቻ ያወራሉ። በአጥሩ ቀዳዳ ብመለከት አቶ መርዕድ የድንኳኑን ብረት አስወጥቶ ዝገቱን ያስፈትጋል። አገሬን አውቀዋለሁ። እኔም ለስንቱ ቤት ስለ ዝናብ እያወራሁ ሄጃለሁ።

ስለዚህ በማለዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እስኪመጡብኝ አልጠብቅም። ልጄ ሞቶ ከሆነ አንቺው ንገሪኝ። አንቺን እንደ ልጄ ነው ያሳደግሁሽ፣ ከሌላ አፍ አልሰማውም። ስለ ጠረጴዛ እንዳትነግሪኝ። ለእናት ጠረጴዛ የለም።

ፋንታዬ

ካምፓላ፣ ሐምሌ 21 ቀን 2013 ዓ.ም.

እትዬ ፋንታዬ፣

ደብዳቤዎን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። አለምዘውድ ሳለቅስ አይታ ውኃ ልታመጣልኝ ሮጠች። እሷም ሰው የሞተብኝ መሰላት።

እስቲ ይንገሩኝ፤ አሁን «እስክንድር ደህና ነው» ብዬ ብጽፍልዎ ያምኑኛል? አያምኑኝም። በእኛ አገር ደህና ነው የሚባለው ለደህናውም ለሞተውም ነው። «ታሟል» ብልዎ ሞቷል ብለው ይፈቱታል። «አላውቅም» ብልዎም ያው ነው። እኔ የምጽፈው ቃል ሁሉ ድንኳን ያስወጣል። በሚያዝያ «ያገኘሁት ዕለት እጽፋለሁ» ያልኩት ደግሞ ስህተት ነበር፤ ከመጀመሪያው ይህን ቃል መግባት አልነበረብኝም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፣ ከዚያ በኋላ ቢረግሙኝም ይርገሙኝ። ያንን የሥጋ ደዌ መጽሐፍ ይዋስ የነበረውን ልጅ ስም ዲኑ ሳይሆን እናቱ መጥታ ብትጠይቅዎ ኖሮ፣ ይነግሯት ነበር?

በዚህ ክረምት ሥራዬንም እርስዎንም ላጣ ነው። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስብኝ ያውቁታል።

ልጅዎ ሰርካለም

አዳማ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2013 ዓ.ም.

ልጄ ሰርካለም፣

ጥያቄሽ ክፉ ጥያቄ ነው። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ተናድጄ ከጠረጴዛው ስር ወረወርኩት። በኋላ ጎንበስ ብዬ አነሳሁት፤ ለዚህ ጉልበት ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ።

አልነግራትም ነበር። እናቱ መጥታ ብታለቅስ አብሬያት አለቅስ ነበር እንጂ አልነግራትም ነበር። ልጁ መጽሐፉን የተዋሰው እኔን አምኖ ነው።

ይህን ካመንኩ በኋላ የሰኔውን ደብዳቤሽን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። በእናት ዓይን አይደለም፣ በድሮው ሥራዬ ዓይን። መርዶ የያዘ ሰው እንዴት እንደሚጽፍ አውቃለሁ፤ ለሌሎች ስንቱን ጽፌያለሁ። «ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው፣ እጅሽን ስሟል» ይባላል። ይዋሻል፣ ያውም ተሽቀርቅሮ ይዋሻል። የአንቺን ደብዳቤ ላይ ታች ብዬ ፈለግሁት፤ አንድ የውሸት ቃል የለበትም። ደህና ነው እንኳ አላልሽኝም።

ልጄ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ትዋሺኝ ነበር።

እንዲህ ሲገባኝ ተነስቼ አቶ መርዕድ ቤት ሄድኩ። «ብረትህን ወደ መጋዘን መልስ» አልኩት። «እትዬ፣ ወሬ ሰማሽ እንዴ?» አለኝ። «ምንም አልሰማሁም፣ ለዚህ ነው የምልህ» አልኩት። አእምሮዬ የተነካ መስሎት ቤቴ ድረስ ሸኘኝ። ይምሰለው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? የአንቺም ዝምታ አይነቅዝም፤ እኔ እጠብቃለሁ። አንቺ ያቺን ሐኪም አሳምነሽ ሥራሽን ጨርሺ። ካልተቀበለችሽ ግን አትፈርሚ።

እንቅልፍ ግን አልተኛም፤ እሱን አልዋሽሽም።

እናትሽ ፋንታዬ

ካምፓላ፣ መስከረም 18 ቀን 2014 ዓ.ም.

የተከበሩ እትዬ ፋንታዬ፣

በፖስታው ውስጥ ሁለት ደብዳቤ አለ። የእኔን ያስቀምጡና መጀመሪያ ሌላውን ያንብቡ። የእጅ ጽሑፉን ያውቁታል።

አነበቡት? እንግዲያው እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎ! አሁን ልናገር። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ እንድጽፍልዎ እስክንድር ራሱ ፈቅዶልኛል።

በግንቦት የተሰጠኝ የዶክተር ናካቶ ጥናት መድኃኒት ስለተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ስም የለበትም። ነገር ግን የያንዳንዱ በሽተኛ አገር፣ ሥራና ሰፈር ተጽፎበታል። ሳገላብጥ «ኢትዮጵያዊ፣ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ፣ ፖርት ቤል» የሚል አየሁ። ካምፓላ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ስንት አለ? ከዚያች ቀን ጀምሮ መኖሩን፣ መድኃኒቱም እየሠራለት መሆኑን እያወቅሁ ነው እርስዎን ያስለቀስኩት። የተኛበት ክፍል ከእኔ መስኮት ፊት ለፊት ነው፤ ግን ሄጄ ላነጋግረው አልችልም ነበር። ያወቅሁት ለሥራ በአደራ ከተሰጠኝ ዳታ ነው፤ አደራ ደግሞ ለደግ ነገር ብሎ መብላትም መብላት ነው።

ዶክተር ናካቶ «ስማቸውን አውጥተናል፣ ከዚህ በላይ ምን እናድርግ?» እያለች ትሞግተኝ ነበር። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት ወረቀት ላይ «ሴት፣ ሐኪም፣ መንታ፣ ኪዋቱሌ የምትኖር፣ ቢጫ መኪና የምትነዳ» ብዬ ጻፍኩና «ይህች ማን ናት? ስም የለባትም» አልኳት። ሳቀች። ቀጥላ ወረቀቱን ወስዳ እንደገና አነበበችው። «እናቴ ብታነበው እንኳ ታውቀኛለች» አለች። አገሩንም ሥራውንም ሰፈሩንም ማንም ተለይቶ በማይታወቅበት መንገድ ጠቅለል አድርገን እንደገና ጻፍነው። ፈረመችልኝ፣ እኔም ፈረምኩ።

በዚያው አንድ ነገር ለመንኳት። ነርሶቹ በጥናቱ ያሉትን በሽተኞች ሁሉ፣ ማንንም ሳይለዩ፣ «ለቤተሰቡ መልእክት መላክ የሚፈልግ አለ?» ብለው እንዲጠይቁ። ማንንም አልጠቆምኩም። «መልእክቱን ቤተ መጻሕፍቱ ይቀበላል» ተባለ። ከዚያ በኋላ የእኔ ሥራ መጠበቅ ብቻ ነበር። እንደ እርስዎ እኔም ጠበቅሁ።

አንድ ጠዋት በሩ ተከፈተና እስክንድር ገባ። ከስቷል። ግን በአንድ እጁ ደብዳቤ፣ በሌላው እንቁላል የተጠቀለለበት ቻፓቲ ቂጣ፣ እዚህ ሮሌክስ የሚሉትን፣ ይዞ እየገመጠ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አይበላም ብዬ ልቆጣው አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። «እናቴ ታውቃለች?» አለኝ። «ከእኔ አልሰማችም» አልኩት። ለእርስዎ ያልጻፈው ለምን እንደሆነ በደብዳቤው ነግሮዎታል፤ ለእኔ ግን እንዲህ ነው ያለኝ፦ «አባቴን የቀበረችበት በሽታ ነው። እውነቱን ብጽፍላት ትሞትብኛለች፣ ብዋሻት ታውቅብኛለች። ስለዚህ ዝም አልኩ።» የማን ልጅ እንደሆነ እዚያው ታወቀኝ። አሁን በሽታው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሐኪሞቹ እስከ ገና መድኃኒቱን ይጨርሳል ብለዋል።

የእኔን ነገር ረሳሁት። አስተማሪዎቻችን ጥቂት ጊዜ ጨመሩልኝ፣ ሥራዬን አቀረብኩ። ስም ሳልጠራ ስህተቴንም ጻፍኩበት፤ ዝምታ ከመጀመሪያው ካልተጀመረ ራሱ ይናገራል ብዬ። በሚያዝያ «አላገኘሁትም» ባልልዎ ኖሮ የሰኔው ዝምታዬ እነ አቶ መርዕድን ብረት አያስፈትጋቸውም ነበር። አልፌያለሁ፣ እትዬ! ምስክር ወረቀቱ መጥቷል፤ ከኅዳር ጀምሮ የዳታ ክፍሉን እመራለሁ። ማኅተም አለው፤ አይተው እንዲያምኑ ቅጂውን ልኬያለሁ።

ልጅዎ ሰርካለም

አዳማ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም.

ልጄ ሰርካለም፣

እልል ብያለሁ። ጆሮዬ ስለማይሰማ ምን ያህል እንደጮህኩ አላወቅሁም፤ መንደሩ ግን ነቅሎ መጣ። አቶ መርዕድ ነጠላውን እንዴት እንደሚለብስ ግራ ገብቶት አንዱን ጫፍ ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች አድርጎ በር ላይ ቆመ። «ልጄ ጻፈልኝ!» አልኩት። ያ ሽማግሌ ደፉ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ምስክር ወረቀትሽን ከእስክንድር ፎቶግራፍ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። እንግሊዝኛው ረጅም ነው፤ ማኅተሙ ግን ጥሩ ነው።

አሁን የሆነውን ልንገርሽና ላብቃ። ዳቦ ደፍቼ ሁሉንም አስቀመጥኳቸው። በልተው ደስ ብሏቸው ሳሉ ያቺ ግቢዬን ስትጠርግ የነበረችው ጎረቤቴ ጠጋ ብላ ጆሮዬ ላይ ጮኸች። «ለመሆኑ ልጁን ምን ነበር ያመመው?» ሁሉም አፌን ያየኛል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ድንኳን ያዘጋጁልኝ፣ አብረውኝ የጨነቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ግን እስክንድር ደብዳቤውን የጻፈው ለእኔ ነው።

«ከዚህ ጠረጴዛ አያልፍም» አልኳቸው።

አቶ መርዕድ ጠረጴዛውን አየ። ያለበት የተቆረሰ ዳቦና ቢላዋ ነው። «የቱ ጠረጴዛ?» አለ።

ለእናት ጠረጴዛ የለም ብዬ የጻፍኩልሽን ሰርዢው። ገና ሲደርስና ልጄ ሲመጣ፣ ከፈለገ ራሱ ይንገራቸው።

እናትሽ ፋንታዬ